«እሺ» ሲሏችሁ አትመኑ፦ የሥራ አካሄድን ከዴቨሎፐሮች ጋር የመንደፍ መመሪያ

አንድ ቅዳሜና እሑድ ቤቴ ተቀምጬ 14 ገጽ የሥራ አካሄድ ጻፍኩ። ቲኬት (አንድ የሥራ ጥያቄ የሚመዘገብበት) እንዴት እንደሚከፈት፣ ኮድ ማን እንደሚያይ፣ ዴፕሎይ (ያለቀውን ኮድ ደንበኛ ወደሚጠቀምበት ሰርቨር ማውጣት) መቼ እንደሚደረግ፣ ሁሉም አለበት። ሥዕል ሳይቀር። ሰኞ ጠዋት ጎሮ ባለው ቢሯችን ሶፍትዌር የሚጽፉልንን ዘጠኙን ዴቨሎፐሮች ሰብስቤ አነበብኩላቸው። «ጥያቄ አለ?» የለም። «ተስማማን?» «እሺ።» በ25 ደቂቃ አለቀ። ደስ ብሎኝ ማኪያቶ ልጠጣ ወረድኩ።

በሦስተኛው ሳምንት የቲኬት መዝገቡን ስከፍት አንድ ነገር ገረመኝ። ሥራ ሁሉ የሚያልቀው ዓርብ ከ10 እስከ 11 ሰዓት ነው። የሰኞውም፣ የረቡዑም። ለካ ልጆቹ ሳምንቱን ሙሉ እንደ ድሮው በቴሌግራም እየተጠራሩ ይሠሩና፣ ዓርብ ከሰዓት አንዱ «ኧረ የአለቃን ነገር እንሙላ» ይላል። ተያይዘው ይሞላሉ። እኔ ሥራ ያቀለልኩ መስሎኝ ሌላ ሥራ ጨመርኩባቸው፤ አንዱ እውነተኛው፣ ሌላው ለእኔ የሚሞላው።

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» እንላለን። ለጎረቤት ይሁን። የሥራ አካሄድ ሲነደፍ ግን ከ«እሺ» የበለጠ የሚያስከፍል ቃል አላየሁም። «አይሆንም» ያለ ሰው ቢያንስ የማይሆነውን ነግሯችኋል። «እሺ» ያለው ግን ወይ ተስማምቷል፣ ወይ አልሰማም፣ ወይ ስብሰባው ቶሎ አልቆ ወደ ኮዱ መመለስ ፈልጓል። በፊቱ አይታወቅም።

ከዚህ በታች ያለው ከዚያ ውርደት በኋላ ያደረግነው ነው። ከ5 እስከ 15 ዴቨሎፐር ላለው ድርጅት ይሆናል። ከዚያ ከበለጠ በየቡድኑ ከፍላችሁ ሥሩት።

ለምን ዴቨሎፐሮቹ?

«ሞራል ለመጠበቅ» የሚለው መልስ አይጥመኝም። ሁለት ሌላ ምክንያት አለ።

አንደኛው፣ የሥራ አካሄዳችሁ ዞሮ ዞሮ ኮዱ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ሜልቪን ኮንዌይ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ድርጅት የሚሠራው ሲስተም የራሱን የመነጋገሪያ መስመር እንደሚመስል ጽፏል። የሽያጭ ክፍላችሁና የዴቨሎፐር ክፍላችሁ በአንድ ሰው በኩል ብቻ የሚነጋገሩ ከሆነ፣ ሶፍትዌራችሁም እዚያው ጋ ቀጭን ይሆናል። በእኛ ቤት በትክክል እንደዚያ ነበር።

ሁለተኛው፣ ሥራው የት እንደሚቆም የሚያውቀው የሚሠራው ሰው ነው። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ኖርዌያዊው ክሪስተን ኒጎርድ ከኦሌ-ዮሃን ዳል ጋር ሲሙላ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የፈጠረ ሰው ነው። ዛሬ ክላስና ኦብጀክት እያልን የምንጽፈው ከዚያ የመጣ ነው። ይኸው ሰው በ1970ዎቹ መጀመሪያ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ወደ አገሩ የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ሄዶ፣ ፋብሪካ ውስጥ ኮምፒውተር ሲገባ ሠራተኞቹ በአገባቡ ላይ ድምፅ እንዲኖራቸው አብሯቸው ሠራ። ለብረት ሠራተኛ የተገባው ነገር ለዴቨሎፐር ሲሆን ለምን እንደሚከብደን አላውቅም።

1. መጀመሪያ አጥሩን አጥሩ

ማንንም ከመሰብሰባችሁ በፊት ወደ ባለቤቱ ወይም ሥራ አስኪያጁ ግቡና ሦስት ዝርዝር ይዛችሁ ውጡ። ቡድኑ ራሱ የሚወስነው ምንድን ነው? ሐሳብ አቅርቦ ሌላ ሰው የሚወስነውስ? ጭራሽ የማይነካውስ?

እኛ ጋ የመጀመሪያው ዝርዝር የስብሰባ ሰዓት፣ የኮድ ሪቪው (አንዱ የጻፈውን ኮድ ሌላው አይቶ ማጽደቁ)፣ የዴፕሎይ ቀን፣ የቲኬት አጻጻፍ ነበር። ሁለተኛው ዕቃና ሶፍትዌር መግዛት፣ ሰው መቅጠር። ሦስተኛው ደመወዝና ከደንበኛ ጋር የተፈረመ ውል። ይህንን ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ሐሳብ ጠይቆ መጣል፣ ካለመጠየቅ የባሰ ነው። ሰውን ምሳ ጠርቶ በሩን እንደመዝጋት ያለ ነገር ነው፤ ሁለተኛ ሲጠራ አይመጣም።

ሰዓቱንም እዚሁ ጨርሱት። ይህ ሥራ ነውና በሥራ ሰዓት ይሠራ። በሳምንት ሁለት ሰዓት ይበቃል። በምሳ ሰዓት አይሁን፣ ቅዳሜም አይሁን። በተለይ ቢሯችሁ እንደ እኛ ከከተማው ዳር ከሆነ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ስብሰባ አትጥሩ። ኮዬ ፈጬ ወይም ጀሞ የሚገባ ሰው በዚያ ሰዓት አካሉ ስብሰባ ላይ፣ ልቡ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው።

2. አንድ ብቻ ምረጡ

«ሁሉንም እናስተካክል» ካላችሁ ሌላ 14 ገጽ ይወጣችኋል። የሚያመውን አንዱን ምረጡ።

የትኛው እንደሚያም ካልታወቀ ቀላል ሒሳብ አለ። ጆን ሊትል የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1961 በማስረጃ ያሳየው ነው። ተጀምሮ ያላለቀውን ሥራ ብዛት በየሳምንቱ በሚያልቀው ሥራ አካፍሉት። 24 ቲኬት ተከፍቶ ካለና በሳምንት 6 የሚያልቅ ከሆነ፣ አንድ ሥራ በአማካይ 4 ሳምንት ይቆያል ማለት ነው። ሰው ቢሮጥም ቢቀመጥም። ይህን በየደረጃው አስሉት፦ ሪቪው የሚጠብቀው ስንት ነው፣ ፍተሻ የሚጠብቀው ስንት ነው፣ ዴፕሎይ የሚጠብቀውስ? ትልቁ ቁጥር ያለበት ቦታ መነሻችሁ ነው።

3. አንዷን ቲኬት እግር በእግር ተከተሉ

ከመመሪያው ሁሉ ይህን ብቻ ብታደርጉ እንኳ ጥሩ ነው።

በቅርቡ ያለቀች፣ ትንሽና ተራ ሥራ ምረጡ። አደጋ የደረሰበትን አትምረጡ፤ ሰው መከላከል ይጀምራል። እኛ የመረጥነው አንድ ጅምላ አከፋፋይ ደንበኛችን የጠየቀውን ነው። የማድረሻ ሪፖርቱ ላይ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር እንዲወጣለት ፈለገ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ከዚያ በየሰው ጠረጴዛ እየዞራችሁ «ከዚያ ምን ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ለምን?» አትበሉ። አለቃ «ለምን» ሲል ጥያቄ አይመስልም፣ ክስ ነው የሚመስለው። «ከዚያስ?» ግን ወሬ ያስቀጥላል።

የወጣልን ታሪክ ይህ ነው። ሰኞ ደንበኛው ለሽያጭ ክፍል ደወለ። ሽያጭ በቴሌግራም ለእኔ ጻፈች። እኔ ረቡዕ ቲኬት ከፈትኩ፤ የጻፍኩት «ሪፖርቱ ላይ ቀኑ ይስተካከል» ብቻ ነው። (አዎ፣ እኔ። 14 ገጽ የጻፍኩት ሰውዬ።) ዴቨሎፐሩ የትኛው ሪፖርት፣ እንዴት ይስተካከል ብሎ ጠይቆ መልስ እስኪያገኝ ዓርብ ሆነ። ዓርብ ዕለት በ50 ደቂቃ ሠርቶ ጨረሰ። ከዚያ ሪቪው የሚያደርገው አንድ ሲኒየር ብቻ ስለሆነ እስከ ረቡዕ ተቀመጠ። ሲኒየሩ አይቶ መለሰው፦ ኮዱ ጳጉሜን ሁልጊዜ 5 ቀን አድርጎ ይቆጥራል፣ በአራት ዓመት አንዴ 6 እንደምትሆን ረስቷል። ሐሙስ ተስተካከለ። ዓርብ ሰርቨሩን የሚያውቀው ልጅ አልነበረም። ሰኞ መብራት ጠፋ፣ ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም። ማክሰኞ ዴፕሎይ ሆነ።

ቅዳሜን ሳንቆጥር 12 የሥራ ቀን። በቀን 8 ሰዓት ቢባል 96 ሰዓት ነው። የሰው እጅ የነካበትን ሁሉ ስንደምር 4 ሰዓት አልሞላም። የቀረው ጥበቃ ነው።

ይህንን ግድግዳ ላይ ሣሉት። የማሸጊያ ካርቶን ገልብጣችሁ ብትጠቀሙም ይሆናል። እጅ የነካበትን በአንድ ቀለም፣ የተጠበቀበትን በሌላ። ሣዩ ግን ከዴቨሎፐሮቹ አንዱ ይሁን እንጂ እናንተ አትሁኑ። የእኛዋ ልጅ ስትሥል፣ የጥበቃውን ቀለም እስክርቢቶ ጨረሰችው። ማንም ንግግር አላደረገም፤ ሁሉም ቆሞ አየው። «ዴቨሎፐሮች ቀርፋፋ ናቸው» የሚለው የቢሮ ሐሜት እዚያው ሞተ። እኔም የራሴን ድርሻ፣ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ያለውን ባዶ ቦታ፣ አየሁት።

4. ይሉኝታን አትታገሉት፣ ዙሩት

«በነፃነት ተናገሩ» ብሎ ማወጅ ምንም አይሠራም። «ዝም አይነቅዝም» እየተባለ ያደገ ሰው በአንድ የስብሰባ መክፈቻ ንግግር አይለወጥም። ሲኒየሩን በሰው ፊት መተቸት ነውር ነው፤ አለቃን ማረም ድፍረት ነው፤ ስለ ራስ ችግር ማውራት ማማረር ነው። ይህን ጠባይ ልታስተካክሉ አትሞክሩ። በማይጎዳበት መንገድ ሂዱ።

መጀመሪያ ይጻፍ፣ ከዚያ ይነገር። ለሁሉም 10 ደቂቃ ዝም ብሎ መጻፊያ ስጡ። በእጅ ጽሑፍ ግን አይሁን፤ ዘጠኝ ሰው ባለበት ቢሮ የማን እጅ ጽሑፍ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ታይፕ ተደርጎ፣ ታትሞ፣ ተቀላቅሎ ይነበብ።

ከታናሽ ጀምሩ። በእኛ ወግ ታላቅ ይቀድማል፣ ታላቅ ከተናገረ በኋላ ደግሞ ታናሹ የሚጨምረው «እኔም እንደተባለው ነው» ብቻ ነው። ስለዚህ ገልብጡት። ነገር ግን ሲኒየሩን ቀድማችሁ ለብቻው አስረዱት። ሳይነገረው መጨረሻ ብታደርጉት የተናቀ ይመስለዋል፤ ደግሞም እውነቱን ነው።

አለቃ ይውጣ። እኔ የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ ተቀምጬ፣ ወጥቼ፣ ለመጨረሻው 15 ደቂቃ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ላይ በር ላይ ሆኜ ለማዳመጥ ፈትኖኝ እንደነበር አልክድም።

ከዚያ ደግሞ ቡና። ከቢሮ ወጣ ብሎ፣ ጀበና ያለበት ቦታ፣ አንድ ለአንድ፣ 20 ደቂቃ። የምጠይቀው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ነገ አዲስ ልጅ ቢቀጠር፣ የትም ያልተጻፈ ግን በጆሮው የምትነግሪው ነገር ምንድን ነው?» ይህ ጥያቄ ማንንም አያስከስስም፤ ምክር ነው። መልሶቹ ግን ትክክለኛው የድርጅታችሁ አሠራር ናቸው። «ጋሼ ራሳቸው ከደወሉ ቲኬት አትጠብቅ፣ ዝም ብለህ ሥራ።» (ጋሼ የሚሉት ባለቤቱን ነው።) «ሪቪው ቶሎ ከፈለግህ ከምሳ በኋላ ላክ።» «ሰኞ ጠዋት ሰርቨር አትንካ።» እኔ ከነዚህ አንዱንም አላውቅም ነበር።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። የጠዋቱን አጭር ስብሰባ 2 ሰዓት ተኩል ላይ አድርጌው ነበር። አንዲት ልጅ በየቀኑ 10 ወይም 15 ደቂቃ ታረፍዳለች። በልቤ «ዲሲፕሊን የላትም» ብዬ ነበር። ቡና ላይ ነው ከቤቷ 12 ሰዓት እንደምትወጣ ያወቅኩት። በታይፕ የመጣውን ወረቀት ስናነብ ከዘጠኙ አምስቱ ስለዚያ ሰዓት ጽፈዋል። በስብሰባ ላይ ግን አንድም ሰው አላነሳውም፤ ማማረር ይመስላላ! ወደ 4 ሰዓት ተኩል ወሰዱት። በጠዋት የሚደርሱት ሁለት ሰዓት ጸጥ ያለ የኮድ ጊዜ አገኙ። ማርፈድ የሚባል ነገርም ጠፋ።

የማይሠራውንም ልንገራችሁ፦ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ረቂቅ መላክና አውራ ጣት መቁጠር። አውራ ጣት «አየሁት» ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም።

5. ረቂቁን እነሱ ይጻፉት፣ አንድ ገጽ

ሦስት ሰው ይበቃል። አንድ ሲኒየር፣ አንድ ጀማሪ፣ አንድ ደግሞ ዴቨሎፐር ያልሆነ ግን ውጤቱ የሚነካው ሰው፤ የደንበኛ ድጋፍ ወይም ሽያጭ። ሦስተኛውን ሰው የረሳ ቡድን ለራሱ ብቻ የሚመች ሕግ ያወጣል። ዴቨሎፐሮችም ሰው ናቸው።

ከእያንዳንዱ ሕግ ሥር «ምክንያቱ» የሚል መስመር ይኑር። ምክንያቱ ሊጻፍ ካልቻለ ሕጉ ይውጣ። የእኛው የመጀመሪያ ገጽ ላይ የነበሩትን ልጥቀስ።

ቲኬት ሲከፈት ሦስት ነገር ይመለስ፦ ማን ጠየቀ፣ ምን ሊሠራ ፈልጎ፣ ምን ሲሆን ነው አለቀ የሚባለው። ምክንያቱ፦ ሁለት ቀን በጥያቄና መልስ አለፈ። (ይህ ሕግ የተጻፈው በእኔ ላይ ነው። ፈረምኩ።)

ሪቪው ማንም ሁለተኛ ሰው ያደርጋል፣ በ4 የሥራ ሰዓት ውስጥ። ክፍያና የደንበኛ መረጃ የሚነካ ኮድ ብቻ ሲኒየሩን ይጠብቃል። ምክንያቱ፦ አንድ ሰው በር ሆነ።

ዴፕሎይ ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ከ4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት። ምክንያቱ፦ ችግር ቢፈጠር ሰው ቢሮ አለ፣ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር ለማስነሳት ጊዜ አለ፣ እዚህ አካባቢ መንገድ ሲቆፈር ፋይበር መበጠሱ የተለመደ ነው። እኔ ብቻዬን ብጽፈው «ምሽት፣ ደንበኛ በማይጠቀምበት ሰዓት» እል ነበር። መጽሐፍ ላይ ያለው እሱ ነው። ምሽት ላይ ኮኔክሽኑ ሲቋረጥ በስልክ ዳታ ሰርቨር ያስተካከለው ልጅ ግን ሌላ ያውቃል።

ማንኛውም ዴቨሎፐር፣ ትናንት የገባም ቢሆን፣ ዴፕሎይ ማስቆም ይችላል። ይህ ከቶዮታ የተወሰደ ነው፤ እዚያ የመገጣጠሚያ መስመሩ ላይ ያለ ሠራተኛ ገመድ ስቦ ወይም ቁልፍ ተጭኖ መስመሩን ማስቆም ይችላል።

እዚህ ደረጃ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ዴቨሎፐር ችግር ሲያይ ሶፍትዌር መጻፍ ነው የሚያምረው። በሁለተኛው ቀን «የራሳችንን ቲኬት ሲስተም እንሥራ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ይመጣል፣ አትጠራጠሩ። «መጀመሪያ ሁለት ሳምንት በወረቀት እንሞክረው» በሉና እለፉ። የእኛዎቹ ስሙን ሁሉ አውጥተውለት ነበር።

የሌሊት ጥሪን ለብቻው ያዙት

ይህ ሌላውን ሁሉ የሚያበላሽ ጉዳይ ስለሆነ ለብቻው ገጽ ይገባዋል። ሌሊት ሰርቨር ሲወድቅ ማን ይነሳል? ብዙ ቦታ መልሱ «ስልክ የሚያነሳው» ነው። ስልክ የሚያነሳው ደግሞ ሁልጊዜ ያው አንዱ ነው፣ እስኪለቅ ድረስ።

ንድፉ ከመጀመሩ በፊት ሕጉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ትርፍ ሰዓት ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ የመደበኛው ሰዓት ክፍያ በ1.5 ይባዛል። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ከሆነ በ1.75። በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5። ትርፍ ሰዓቱ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ደመወዝ የማይነካ ዝርዝር ውስጥ ነው ብያለሁ፤ ይህ ግን ደመወዝ አይደለም፣ ሕግ ነው። ባለቤቱ ይህን ቁጥር አስቀድሞ ካላየ፣ በኋላ ሒሳቡ ሲመጣለት ንድፉን ራሱን ያፈርሰዋል።

ልጆቹ ያወጡት ይህንን ነው። በየሳምንቱ ሁለት ሰው ተራ ይይዛል፤ አንዱ ዋና፣ አንዱ ተጠባባቂ። ስልኩ አንድ ነው፣ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ የግል ቁጥር ለደንበኛ አይሰጥም። የድጋፍ ሠራተኛዋ ከመደወሏ በፊት አምስት ነገር ታያለች፤ የመጀመሪያው «የደንበኛው ኢንተርኔት ይሠራል ወይ?» ነው። ሌሊት የተነሳ ሰው በማግስቱ እስከ ምሳ አይገባም፣ አይጠየቅምም። በዓል ሲመጣ ተራ የሚያዘው በሃይማኖት ተለዋውጦ ነው፤ ፋሲካን ሙስሊሞቹ፣ ዒድን ክርስቲያኖቹ። ይህንን የመጨረሻውን ማንም አለቃ ሊያወጣው አይችልም ነበር። እነሱ በአምስት ደቂቃ ተስማሙበት።

6. ሁሉም ካልወደደው አትበሉ

አዲስ ሰፈር ውስጥ እድር ሲመሠረት ያየ ሰው ይህ አይከብደውም። ቀብር ያልሄደ ስንት ይቀጣ፣ ድንኳን የሚተክለው ማን ይሁን እየተባለ ይጨቃጨቃሉ። ደንቡን ሁሉም አይወደውም። ግን ሲረቀቅ እዚያ ስለነበረ ሲቀጣ ይከፍላል።

ስለዚህ «ሁሉም ተስማማ?» አትበሉ። «ይህን ለአራት ሳምንት ሊሠራበት የማይችል አለ? ምን ይበላሻል?» በሉ። የሚበላሸውን መናገር የቻለ ሰው ሕጉን ያስለውጣል። «ዝም ብሎ ደስ አላለኝም» ያለው ለአራት ሳምንት ይታገሣል። ካልተቋጨ ማን እንደሚወስን ግን ቀድሞ ይጻፍ፤ አለበለዚያ ድምፁ ጎላ ያለው ይወስናል።

7. አራት ሳምንት ሞክሩት

ገጹ አናት ላይ እንደ ወተት የሚያበቃበት ቀን ይጻፍ። ቀኑ ካለፈ ሕጉ ሞተ፤ እንዲቀጥል እንደገና መወሰን አለበት።

ሁለት ነገር ብቻ ለኩ፦ ደንበኛው ከጠየቀበት እስኪደርሰው ስንት ቀን ሆነ፣ ስንት ሥራ ተመልሶ መጣ። በሰው አትለኩ። «ማን ስንት ቲኬት ዘጋ» ብላችሁ መቁጠር በጀመራችሁ ሳምንት አንዷ ቲኬት ሦስት ትሆናለች። ዴቨሎፐር ቁጥር ማሳመር አይከብደውም፣ ሥራው ነው።

8. ማሽን የሚጠብቀውን ለማሽን ስጡ

አጭር ነው። «ሁለተኛ ሰው ሳያየው ኮድ አይግባ» የሚለውን፣ ኮዱን የምናስቀምጥበት ጊትሃብ ራሱ ይከለክላል። «ዓርብ ዴፕሎይ የለም» የሚለውም በጥቂት መስመር ይቆለፋል። እኛ ጋ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር። ማሽን ሲከለክል ማንም አይቀየምም፤ አለቃ ሲከለክል ግን ወሬ ነው። ገጹም ራሱ ከኮዱ ጋር ይቀመጥ። ሕግ መለወጥ የፈለገ ሰው እንደማንኛውም ኮድ ፑል ሪኩዌስት (የለውጥ ጥያቄ) ይክፈት። የተለወጠው ምን እንደሆነ፣ ማን ለምን እንደለወጠው ይቀመጣል።

9. በየሁለት ሳምንቱ ወደኋላ እዩ

ስሙን ግን «ግምገማ» አትበሉት። ይህን ቃል በመንግሥት መሥሪያ ቤት የኖረ ሰው፣ ወይም የእንደዚያ ያለ ሰው ልጅ፣ ሲሰማው ትከሻው ይጠብቃል፤ ራስን መክሰስና ሰውን መክሰስ ነው የሚታየው። እኛ «ወደኋላ እንይ» ነው የምንለው። 45 ደቂቃ። ምን ጠቀመ፣ ምን አስቸገረ፣ አንድ ምን እንለውጥ? አንድ ብቻ። ሰባት ነገር ጽፎ የተበተነ ስብሰባ ሰባቱንም አያደርግም።

ከዚያ መልስ ስጡ። የቀረበው ሐሳብ ሁሉ በዝርዝር ይቀመጥ፤ ይህ ተቀበልን፣ ይህ አልተቀበልንም፣ ምክንያቱ ይኼ። ሁለተኛ ኢንተርኔት መስመር እናስገባ ብለው ነበር፤ በጀት አልነበረም። ዝም ብዬ ብተወው ኖሮ ሐሳብ መስጠት ያቆሙ ነበር። የዋጋውን ወረቀት አሳየኋቸው። በሦስተኛው ወር ራሳቸው ርካሽ አማራጭ ይዘው መጡ።

ባለቤቱስ?

የሁሉም ንድፍ ጠላት የባለቤቱ ስልክ ነው። ደንበኛ በቀጥታ ለእሳቸው ይደውላል፣ እሳቸው በቀጥታ ለአንዱ ልጅ ይደውላሉ፣ «ይችን ቶሎ ብለህ ጨርስልኝ»። ልጁ እምቢ አይልም፤ እንዴት ይላል? ዘጠኝ ሰው ለአንድ ወር የነደፈው በአንድ ስልክ ይፈርሳል።

መከልከል አልሞከርንም። በሳምንት አንድ ቀይ ካርድ ሰጠናቸው፤ በእውነት ቀይ፣ ከካርቶን የተቆረጠ። ካርዱን ግድግዳው ላይ ሲለጥፉ ቡድኑ የያዘውን ትቶ የእሳቸውን ይሠራል፣ ምን እንደተተወም ከሥሩ ይጻፋል። ሁለተኛ ካርድ በዚያ ሳምንት የለም። ሐሳቡ የጀማሪዋ ልጅ ነበር፤ ያቀረበላቸው ግን ሲኒየሩ ነው፣ እሷ ፈርታ። ጋሼ ሳቁና ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ባለፈው ወር አራት ሳምንት ውስጥ ያወጡት ሁለት ጊዜ ነው። አንዱን ሲለጥፉ ከሥሩ የተተወውን ሥራ አንብበው መልሰው ነቀሉት።